«ደበረኝ»፦ ከዙህር እስከ ዐስር ያለችው የድሬ ሰዓት



ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ዙህር ተሰግዷል፣ ምሳ ተበልቷል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ ቆርቆሮውን ታግላለች። መጋላ ውስጥ ብዙዎቹ ሱቆች መዝጊያቸውን ዝቅ አድርገዋል። የባጃጁ ሹፌር ጥላ ሥር አቁሞ፣ እግሩን በበሩ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብሏል። ከዚራ ያሉት ዛፎች ሥር ሰው የለም፤ የደቻቱ አሸዋ ይፋጃል። ዐስር አዛን እስኪል ከተማዋ የምትነቃ አይመስልም። በዚህች ሰዓት ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን በየቤቱ አንድ ቃል ይሰማል፤ «አቦ ደበረኝ!»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቃል ነው። ቃሉን ከተናገርን በኋላ ስለምናደርገው ነገርም ነው። ብዙዎቻችን «ደበረኝ» ብለን አምስት ሴኮንድ እንኳ አንቆይም። እጅ ወደ ኪስ ይገባል፣ ስልኩ ይወጣል፣ አውራ ጣት ቲክቶኩን መግፋት ይጀምራል። አዛን ሲል ቀና እንላለን። ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ካየነው ሁሉ አንዱን ንገሩን ብንባል ግን አናስታውሰውም። ሌላው ወንድማችን የአወዳይ ጫት ከተማ እስኪገባ ሰዓት ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ ስለማያውቀው የአውሮፓ ቡድን ሃምሳ ብር ሊያሲዝ ቤቲንግ ቤት ገብቷል። ሦስቱንም «ለምን?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ምን ላድርግ፣ ደብሮኝ ነው»።

የኔ ሐሳብ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ያ «ደበረኝ» የምንለው ስሜት በር የሚያንኳኳ እንግዳ ነው ባይ ነኝ። ማን እንደሆነና ምን ይዞ እንደመጣ ሳናይ እያባረርነው ነው። እሱን ባባረርን ቁጥር አብሮት የሚሄድ ነገር አለ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ሁለት ነገር ላስተካክል። አንደኛ፣ ስለ ድብርት ስጽፍ ስለ ሕመሙ እየጻፍኩ አይደለም። እንቅልፍ ካጣህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ትወደው የነበረው ነገር ሁሉ ለሳምንታት ትርጉም ካጣብህ፣ መኖርም ካስጠላህ ይህ ጽሑፍ ላንተ አይደለም። ለምታምነው ሰው ንገር፣ ሐኪም ጋ ሂድ። መታከም የኢማን ማነስ አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። ሁለተኛ፣ ዲግሪውን ይዞ ሦስት ዓመት ሥራ ያጣ ወንድሜን «ድብርት ጥሩ ነው፣ ተደሰትበት» የምል ጨካኝ አይደለሁም። ሥራ ማጣት የአገር ችግር ነው፤ በምክር አይሸፈንም። እኔ የምናገረው ሥራ ያለውም የሌለውም፣ ተማሪውም ነጋዴውም በየቀኑ ስለሚያገኛት ባዶ ሰዓት ነው።

ያቺን ባዶ ሰዓት ዲናችን ስም ሰጥቷታል፤ «ፈራግ» ይላታል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቡኻሪ የዘገቡትን ሐዲስ አብዛኞቻችሁ መድረሳ ውስጥ ሰምታችኋል። ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ኒዕማዎች ጤንነትና ፈራግ እንደሆኑ የሚናገረውን ማለቴ ነው። ኡስታዞቻችን ይህን ሐዲስ ሲያስተምሩን ብዙ ጊዜ «ሰዓታችሁን ሙሉ፣ ተጠቀሙበት» ይሉናል። ልክ ነው። እኔ ግን ከቃሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈራግ የሚለው ቃል ሥሩ ባዶነት ነው። የሙሳ (ዐ.ሰ) እናት ልጃቸውን ወንዝ ላይ ጥለው ሲመለሱ ልባቸው የሆነውን ቁርኣን ሲነግረን፣ በሱረቱል ቀሰስ የሚጠቀመው ቃል ከዚሁ ሥር ነው፤ ልባቸው ባዶ ሆነ። በአለም ነሽረሕ መጨረሻ ላይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሥራቸው ሲያልቅና ነጻ ሲሆኑ ለዒባዳ እንዲቆሙ ሲታዘዙም ቃሉ ያው ነው። እንግዲህ አስቡት። ባዶነቱ ራሱ ኒዕማ ተብሏል። ኒዕማ የተባለው በውስጡ ስለሚገባው ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙ ባዶ ባልተባለ ነበር። ይህ የኔ የተራ ሰው ማስተንተን ነው እንጂ ተፍሲር አይደለም፤ ዑለሞች ካረሙኝ እታረማለሁ።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ፤ የሚገርማችሁ ታሪክ አለ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ሲከበር ሊዘግቡ ከመጡት የውጭ ጋዜጠኞች አንዱ ኢቭሊን ዎ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ ነበር። በዓሉ ካለቀ በኋላ ሐረርን አየ። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ፣ በኛ ከተማና በጅቡቲ መካከል ባቡርና መርከብ ሲጠብቅ ጥቂት ቀናት ተንገላታ። በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለነዚያ ቀናት ለብቻው አንድ ምዕራፍ ሰጣቸው፤ ርእሱንም «የመጀመሪያው ቅዠት» አለው። የምዕራፉ ጉዳይ ጦርነት አይደለም፣ በሽታ አይደለም፣ ሽፍታም አይደለም። ድብርት ነው! ሰውየው በዚህ በኛ ሙቀት እንዲህ ደብሮት ስለማያውቅ ድብርቱን እንደ ቅዠት ቆጥሮ ጻፈው። (መጽሐፉን ፈልጋችሁ አንብቡ አልልም፤ ሰውየው አገራችንን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው።) ከሱ በፊት ደግሞ ሐረር ውስጥ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ የሱን ያህል የሚደብረው ሰው አጋጥሞት እንደማያውቅ ጽፏል። ገጣሚ የነበረ ሰው ሐረርን በሚያክል ከተማ ተቀምጦ አንድ ግጥም አልጻፈም።

ሁለቱን ያነሳሁት ከተማችን ድሮም ሰው ታሰለች ነበር ለማለት አይደለም። ሦስተኛ ሰው ስላለ ነው፤ እሳቸው የኛው ናቸው።

ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ። በትውልድ ስማቸው አቡበከር ገራድ ዑስማን። እ.ኤ.አ. በ1895 በሐረርጌ የተወለዱ ዐሊም፣ መምህርና ገጣሚ። በኦሮምኛ ግጥም ይገጥማሉ፣ በዐረብኛም ይጽፋሉ። የቋንቋቸው ድምፆች በላቲንም በዐረብኛም በግዕዝም ፊደል በትክክል አልጻፍ ቢሏቸው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ራሳቸው ለኦሮምኛ አዲስ ፊደል ፈለሰፉ። ፊደሉ በሐረርጌ መስፋፋት ሲጀምር የዘመኑ መንግሥት ደነገጠ፤ ሸይኹንም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ በቁም እስር አስቀመጣቸው።

ይህን ስታነቡ ቆም በሉ። እኛ «ደበረኝ» የምንልባት ከተማ ናት። ያው ፀሐይ፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ከዙህር በኋላ ያለች ሰዓት። ወደፈለጉበት መሄድ የለም። ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። አንድ ቀን አይደለም፣ አንድ ሳምንትም አይደለም፤ ዓመታት ነው። በዚያ እስር ውስጥ «ሸልዳ» የተባለችውን ትንሽ ጽሑፍ በራሳቸው ፊደል ጻፉ። ሲያይዋት የዲን ጽሑፍ የምትመስል፣ ውስጧ ግን የሕዝባቸውን በደል የምትናገር ጽሑፍ ናት። በኋላ ወደ ሶማሊያ ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1980 በስደተኞች ሰፈር አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ፊደላቸው መንግሥት የሚጠቀምበት ፊደል አልሆነም፤ የቋንቋ ምሁራን ግን እስከ ዛሬ ያጠኑታል።

እስርን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። በዳይን «እንኳን በደልክ» አልለውም። የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ በአንድ ዓይነት ባዶ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀመጡ። አንዱ ቅዠት አየ። አንዱ ለቤተሰቡ አማረረ። አንዱ ጻፈ። ባዶ ሰዓት ለሰው ከሌለው አያመጣለትም፤ ያለውን ያወጣበታል። ሸይኹ እዚያ ቤት ሲገቡ ከልጅነት ጀምሮ የቀሩት ዒልም፣ ያስተማሯቸው ደረሶች፣ የገጠሟቸው ግጥሞች አብረዋቸው ገቡ። ዝምታው ያንን ሁሉ አገላበጠው።

«ታዲያ እኔ ውስጤ ምንም ከሌለስ?» የሚል ወጣት አይጠፋም። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን ያገኘሁበትን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን የውጭዎቹ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ያገኙትን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቲሞቲ ዊልሰን የሚባል የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳተመ። ሰዎችን አንድ በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀመጧቸው፤ ስልክ የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ ሐሳባቸው ብቻ። አጠገባቸው አንድ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት በኤሌክትሪክ ይነዝራል። ንዝረቱን አስቀድመው ቀምሰውታል፣ «ድጋሚ እንዳይነዝረኝ ገንዘብ ብከፍል ይሻለኛል» ብለዋል። ሆኖም ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ቁልፉን ተጫኑት። ሱብሓነላህ! ከራሱ ጋር ሩብ ሰዓት ከሚቀመጥ ራሱን በኤሌክትሪክ ማስነዘር የመረጠ ሰው! እንዳነበብኩት ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ትዝ አለኝና ሳቁ ቀረ።

ሌሎች ደግሞ ከድብርቱ በስተጀርባ ያለውን አጥንተዋል። ሳንዲ ማን እና ሬቤካ ካድማን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በዚያው በ2014 ሰዎችን ለ15 ደቂቃ ከስልክ ማውጫ ላይ ቁጥር እንዲገለብጡ አደረጉ፤ ከዚህ የባሰ አሰልቺ ሥራ ከየት ይመጣል? ከዚያ ሁለት ተራ ኩባያ ሰጥተው «በዚህ ስንት ነገር መሥራት ይቻላል?» አሏቸው። የተሰላቹት ካልተሰላቹት የበለጠ ሐሳብ አፈለቁ። ቁጥሩን ዝም ብለው እንዲያነቡ የተደረጉት፣ ማለትም ይበልጥ የደበራቸውና ሐሳባቸው የነጎደው፣ ከገለበጡትም የተሻለ ፈጠሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሁሉን ነገር በሱ ላይ አልገነባም። ግን ከሌላ ግኝት ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2001 ማርከስ ሬይክል የተባለ አሜሪካዊ የአንጎል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ምንም ሥራ ሳይሠራ ሲቀመጥ አንጎሉ አያርፍም። እንዲያውም በዚያን ጊዜ ይበልጥ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች አሉ። በኋላ የመጡ ጥናቶች እነዚህን ክፍሎች ያለፈውን ከማስታወስ፣ የሚመጣውን ከማሰብ፣ ስለ ራስና ስለ ሰዎች ከማሰላሰል ጋር አገናኝተዋቸዋል።

በኛ ቋንቋ ይህ ሙሐሰባ ነው፤ ራስን መመርመር። ተፈኩር ነው። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን መጨረሻ አካባቢ አላህ የሚያመሰግናቸው ሰዎች ቆመውም ተቀምጠውም ተጋድመውም እሱን የሚያስታውሱና የሰማያትንና የምድርን አፈጣጠር የሚያስተነትኑ ናቸው። ተጋድመውም! የድሬን ከዙህር በኋላ የሚያውቅ ሰው ይህች ቃል ትገባዋለች። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ ከመምጣቱ በፊት ብቸኝነት እንዲወደድላቸው ተደርጎ ነበር፤ ስንቅ ይዘው ሒራእ ዋሻ ይወጡና ሌሊቶችን ይቀመጡ ነበር። ይደብራቸው ነበር ማለቴ አይደለም፣ አስተግፊሩላህ። የምለው «አንብብ» የሚለው ቃል የወረደው ዝምታ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን ዝምታ ማን ወሰደብን?

ስልኩን እንይ። ድሮ ጋዜጣ ያልቅ ነበር፣ ፊልም ያልቅ ነበር። ኢንተርኔትም ገጹ ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን ትጫን ነበር፤ በመካከሉ «ይበቃኛል» የምትልባት ትንሽ ክፍተት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ማብቂያ የሌለውን ገጽ ሠራ፤ እየገፋህ ትሄዳለህ፣ ታች የለውም። ሰውየው ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል። ጸጸቱ ግን የኛን አውራ ጣት አላቆመውም። አስተውሉ፣ የተወሰደችው ያቺ ክፍተት ናት፤ «ይበቃኛል» የምንልባት ባዶ ቦታ።

በርጫውስ? ስለ ጫት ሸሪዓዊ ብይን ልጽፍ አይደለም፤ እሱን ለዑለሞች ትቻለሁ። የምናገረው ሁላችንም የምናውቀውን ነው። በርጫ ላይ የደበረው ሰው የለም። ሁሉም ሐሳብ ያፈልቃል። ምርቃናው ሲመጣ አንዱ ጅቡቲ ድረስ የሚነግድ ድርጅት ያቋቁማል፣ አንዱ ባለ አራት ፎቅ ይሠራል፣ አንዱ ሚስት ያገባል። ማግሪብ ሲሆን ገራባው ይጠረጋል፣ ፎቁም አብሮ ይጠረጋል። ነገ በዚያው ሰዓት ሀራራው ይመጣል። እኔ የማውቃቸው ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሃያዎቹን ዕድሜያቸውን እንዲህ ፎቅ ሲሠሩና ሲያፈርሱ ጨርሰዋል። ሐሳብ አልጎደላቸውም። ሐሳቡን ያለ ምርቃና፣ በደረቁ፣ «ነገ ጠዋት የትኛውን ልጀምር?» ብለው የሚያዩባት አሰልቺ ሰዓት ናት የጎደለቻቸው። ቤቲንጉ ላይ ብዙ አልልም፤ ቁማር መሆኑን የሚጫወተውም ያውቃል። ግን ብዙዎቹ ሊከብሩ እንዳልገቡበት አምናለሁ። 90 ደቂቃ ልባቸው እንዲመታ ነው የሚከፍሉት።

አሁን ቃል የገባሁትን።

አምና ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ተሰበረ። የሚጠግነው ልጅ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቅ አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ሌላ ስልክ መዋስ እችል ነበር፤ ለምን እንዳላደረግሁት አላውቅም፣ ስንፍናም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እጄ በራሱ ጊዜ ኪሴ ይገባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያለ ምክንያት ከታናሽ እህቴ ጋር ተጣላሁ፤ ከጫት ሀራራ በምን ይለያል? በአራተኛው ከዙህር በኋላ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ ጣሪያውን ስቆጥር፣ ከአንድ ወዳጄ የተበደርኩት ስምንት መቶ ብር ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰውየው አልጠየቀኝም፣ እኔም ረስቼዋለሁ። ረስቼዋለሁ ማለት ግን ውሸት ነው፤ ብቅ ባለ ቁጥር ስልኬን አንስቼ ነበር። ያን ቀን ግን የማነሳው አልነበረኝም። እስከ ዐስር ድረስ አብሮኝ ተጋደመ።

ብዙ ሰው ከድብርት የሚሸሸው ለዚህ ይመስለኛል። ዝም ስንል መጀመሪያ የሚመጣው ጥሩ ሐሳብ አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው ዕዳ ነው። ያላስታረቅነው ጠብ፣ ያልጠየቅናት አክስት፣ ያመለጠን ሱብሒ ነው። ነፍስ ሒሳቧን ታመጣለች። ሰው ሒሳብ አይወድም፤ ስለዚህ ስልኩን ያነሳል። ያን ሒሳብ ሳያወራርዱ ደግሞ ወደ ሌላው አይታለፍም።

ብሩን በሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ነው። መድረሳ ሳለሁ ጀምሬ የተውኩት ሱረቱል ከህፍ፤ ግማሹ ምላሴ ላይ አለ፣ ግማሹ ጠፍቷል። ተጋድሜ ሳነበንብ የት ቦታ እንደምቆም አወቅሁ። ውስጤ ምንም የለም ብዬ የማስበው ሰውዬ፣ ውስጤ ግማሽ ከህፍ ነበረኝ! ያንተም ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ የተጀመረ ሙያ፣ ያልተጻፈ ደብዳቤ፣ ተሰብሮ የቀረ ራዲዮ። ባዶ የሆነ ሰው እስካሁን አላየሁም። የተጨናነቀ ግን በየቀኑ አያለሁ።

በስምንተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ሲቆም ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ግቢ ምንጣፍ አነጠፍንና አያቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዝም አልን፤ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ 1998ቱ ጎርፍ መናገር ጀመሩ። ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ክረምት። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የማስታውሰው ጩኸት ብቻ ነው። አያቴ ያን ሌሊት የማን በር ሲንኳኳ እንደሰሙ፣ ማንን ገመድ ወርውረው እንዳወጡ፣ ማንን እንዳልደረሱለት ነገሩኝ። የዚያን ጎረቤት ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ተቆረጠ። ከአያቴ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስኖር ይህን ሁሉ ዓመት ሆኖኛል፤ አንድ ቀን ነግረውኝ አያውቁም። «ለምን አልነገሩኝም አያቴ?» አልኳቸው። «መች ቀና ብለህ አየኸኝ ልጄ?» አሉኝ።

መብራቱ ሲመጣ እህቴ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ወደ ቻርጀሯ ሮጠች። እኔ ግን የመብራት ኃይልን ስም በበጎ ያነሳሁት ያን ምሽት ብቻ ነው።

ሶላቱም ተቀየረ፤ ይህን በጥንቃቄ ልናገር፣ ኹሹዕ አገኘሁ ብዬ አልመጻደቅም። ግን ከዚያ በፊት ኢማሙ ረዘም ያለች ሱራ ከጀመረ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ልቤ ይወጣ ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ በየ15 ሴኮንዱ አዲስ ነገር ሲያሳዩት ውሎ፣ መስጂድ ገብቶ አሥር ደቂቃ በአንድ ነገር ላይ ቁም ሲባል ከየት ያመጣዋል? ሶላት ውስጥ መቆም የማንችለው ከሶላት ውጭም ቆመን ስለማናውቅ ይመስለኛል። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ቀን ልቤ ሲወጣ አየሁት። መመለስ ባይቻለኝም ሲወጣ አየሁት፤ ድሮ መውጣቱንም አላውቅም ነበር።

ለወላጆችም አንድ ነገር። የአራት ዓመቱ ልጅ «እማዬ ደበረኝ» ሲል ስልክ የምንሰጠው እንዲረጋጋ ነው፤ አዎ ይረጋጋል። እኛ ልጅ ሳለን ግን የደበረን ጊዜ ከሽቦ መኪና እንሠራ ነበር፣ ከጨርቅ ኳስ እንጠቀልል ነበር። ማንም አላስተማረንም። ጎበዞች ስለሆንንም አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ነው።

ስልኬ ተሠርቶ ሲመለስ ከ1,400 በላይ የቴሌግራም መልእክት ነበር። ለኔ የሚያስፈልገኝ ሦስት ብቻ ነው። ስልኩን አልጣልኩትም፤ ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በሱ ነው፣ እናንተም የምታነቡት በሱ ነው። ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው። ከዙህር በኋላ እቤት ትቼው መስጂዱ በረንዳ ላይ ዐስር እስኪል እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ከህፍን እደግማለሁ። አብዛኛውን ቀን ግን ምንም አላደርግም፤ ይደብረኛል። ከአሥር ቀን ሰባቱን ምንም አይመጣም፤ እውነቱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዕድሜው 19 ቢሆን ነው። ካርዱ አልቆበታል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ።

«ምንም።»

«አቦ አይደብርህም?»

«ይደብረኛል።»

ሳቀ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም። ጀርባውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ እግሩን ዘረጋ። ግቢው ውስጥ የውዱእ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ብዙ ቆየን፤ አሥር ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣

«አባቴ ከሞተ ዘንድሮ ሦስት ዓመቱ ነው አይደል?» አለኝ።

ሙአዚኑ ማይክራፎኑን መታ መታ ሲያደርግ እስከምንሰማ ድረስ ስለ አባቱ አወራልኝ።